አባባ ያስቀሩት ጥቁር

ባሌ ሰውአገኝ በጓደኞቹ ፊት ሊያበሽቀኝ ሲፈልግ «እኔ እኮ ድንጋይ የምታጥብ ሴት ነው ያገባሁት» ይላል። ይበል፤ አፉ ነው። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ወልድያ ባለችው ጠባብ ኩሽናችን ውስጥ የብርጭቆ ወረቀት በሴራሚክ ላይ አነጥፍና ውሃ ረጭቼ የቢላዋ መሳያዬን እፈገፍጋለሁ። መሳያ ድንጋይ ሲሳልበት መሃሉ ይበላል። መሃሉ በተበላ ድንጋይ ላይ የተሳለ ቢላዋ ደግሞ ሆዱ ይነፋል እንጂ አይሰላም፤ ቲማቲሙን ይጨፈልቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። ጎረቤቶቼ ይህን አያውቁም። አዲስ ቢላዋ ይገዛሉ፣ በወሩ ይረግሙታል። «ቢላዋው ምን አደረገ? ድንጋያችሁን አስተካክሉ!» ብዬ ስንቴ ለፈለፍኩ፤ ማን ሰምቶኝ!

ይህን ሙያ ከአባቴ ተማርኩ እላለሁ፣ ሰው ሲጠይቀኝ። ልክ ልክ እንናገር ከተባለ ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ይህንን ለማወቅ ግን በሰባት ዓመቴ እናቴን በነፍሰ ገዳይነት መጠርጠር ነበረብኝ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ላሊበላ ነው፣ ከቤተ ጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ባለው ሰፈር። አባቴ መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ብራና ፋቂ ነበሩ፤ እኔ «አባባ» ነው የምላቸው። የፍየል ቆዳ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በጠፍር ይወጥሩና፣ ጠጉሩንና ስቡን ግማሽ ጨረቃ በሚመስል መፋቂያ ፍቀው ፍቀው፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ያሳሱታል። ከዚያ ቁም ጸሐፊዎቹ ወስደው ይጽፉበታል። እኔ ከተወጠረው ቆዳ ኋላ መቆም እወድ ነበር። ፀሐይዋ ከአባባ ጀርባ ስትሆን ቆዳው እንደ ወተት ያበራል። የፍየሏ የደም ሥሮች ቀጫጭን መንገድ መስለው ይታያሉ። በዚያ ሁሉ ብርሃን ውስጥ የአባባ ጥላ ይወዛወዛል፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ፊታቸው አይታየኝም፤ ድምፃቸው ግን ይመጣል፣ ዳዊት እየደገሙ ነውና የሚፍቁት። ገነት እንዲህ ትመስለኝ ነበር፤ ሰው ሁሉ ከቆዳ ኋላ ቆሞ ዳዊት የሚደግምባት አገር።

የተወጠረ ቆዳ ይቅር አይልም። መፋቂያው ትንሽ ሆዱ ከተነፋ፣ መፋቁን ትቶ ይነክሳል፤ የነከሰው የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ደግሞ በውጥረቱ ኃይል ተስባ ተስባ ዓይን ታህላለች። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ መፋቂያው ላይ ነው፣ መፋቂያው ደግሞ ድንጋዩ ላይ ነው።

የአባባ ድንጋይ ሰማያዊ የሚያጠቃው ግራጫ፣ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ነበር። መምህራቸው የኔታ ገብረመስቀል ከአንድ ወንዝ ሁለት ድንጋይ አውጥተው፣ አንዱን ለራሳቸው፣ አንዱን ለደቀ መዝሙራቸው አደረጉት። አባባ ይህን ታሪክ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያወሩታል፤ እኔ በቃሌ ነው የማውቀው።

«የየኔታ ድንጋይ መጨረሻ ላይ እንደ ቂጣ ሳስቶ ነበር» ይላሉ። «ማክሰኞ ለሁለት ተሰበረ። ሐሙስ የኔታ ዐረፉ። የፋቂ ዕድሜ ከድንጋዩ አይበልጥም! ይኼ ሲያልቅ እኔም አልቃለሁ።» ከዚያ ከት ብለው ይስቃሉ። እንግዳውም ይስቃል። እኔ አልስቅም ነበር።

የኔታ ያኔ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው እንደነበረ፣ ድንጋዩንም የሰበረው የጎረቤት ጥጃ ረግጦት እንደሆነ እናቴ የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ሰባት ዓመት ለሆነው ሰው ግን ጥጃውን ማንም አላነሳለትም።

ስለ ዓርብ ልንገራችሁ። በእኛ ቤት ድንጋይም ሰንበትን ያከብራል። ሳምንቱን ሙሉ የተሳለበት ድንጋይ እንደ ጎደጎደ ሰንበት አይገባበትም፤ አባባ ከየኔታ የተቀበሉት ሥርዓት ነው። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ድንጋዩን ከጨርቁ ፈትተው ወደ ደጅ ይወጣሉ። ደጃችን ላይ ገበታ የሚያህል ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ አለ። የተነፋ አሸዋ ይበትኑበታል፣ በጣሳ ውሃ ያፈሱበታል። ከዚያ ከሰል አንስተው በመሳያው ፊት ላይ መስመር ይሰምራሉ፤ በቁመት አራት፣ በአግድም አራት፣ ልክ እንደ ወንፊት።

«እዪ፣ ፍቅርአዲስ» ይሉኛል። «ከፍ ያለው ይበላል፣ ዝቅ ያለው ይቀራል። ጥቁሩ የቀረበት ቦታ ጉድጓድ ነው። ጥቁሩ በሙሉ ሲጠፋ ሁሉም እኩል ሆነ ማለት ነው።»

ከዚያ ድንጋዩን ደፍተው ይፈገፍጋሉ። ሸር… ሸር… ሸር። አመድ የመሰለ ወፍራም ውሃ ከሥሩ እየወጣ በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ይዘረጋል። እኔ ጣቴን ነክሬ ጉንጬን እቀባለሁ፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ዝናብ ዝናብ ይሸታል። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ጉም ይወርዳል፣ ታች መንገዱ ላይ የሰው ድምፅ ይመጣል፣ ይርቃል። ዓይኔ ይከደናል። እነዚያ የዓርብ ከሰዓት በኋላዎች በትዝታዬ ሁሉም አንድ ላይ ተሰፍተዋል፤ የትኛው የትኛው ዓርብ እንደነበረ መለየት አልችልም።

አባባ ሲበቃቸው ድንጋዩን አጥበው ፊታቸው ድረስ ያስጠጉታል። ወዲህ ያጋድሉታል፣ ወዲያ ያጋድሉታል።

«ጠፋ። ተመስገን።»

እኔ አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ አያለሁ። አልጠፋም። መሃሉ ላይ የእጄን መዳፍ የሚያህል ቦታ የከሰሉ ፍርግርግ ቁልጭ ብሎ አለ።

አባባ አይዋሹም፤ ይህ የታወቀ ነው። ስለዚህ አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ መጨረሻ ላይ ገባኝ። አባባ ጥቁሩን አውቀው ነው የሚያስቀሩት! ጎታ ሲጠረግ ለበረከት ጥቂት እህል እንደሚተው፣ አባባም ከድንጋዩ ትንሽ ይተዋሉ። ድንጋዩ ዕድሜያቸው አይደል? ማን ዕድሜውን ሙልጭ አድርጎ ይፈገፍጋል? «ጠፋ» የሚሉትም ለሞት እንጂ ለእኔ አይደለም፤ ሞት ሰምቶ እንዲሄድ ነው። ይህን ምስጢር ብቻዬን በማወቄ ደረቴ ተነፋ።

አባባ ድንጋዩን በጨርቅ ጠቅልለው መደብ ላይ ያስቀምጡና ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጣሉ። ይሄኔ እማ ትመጣለች። እናቴ ወለተ ሩፋኤል ቀጭን፣ ፈጣን፣ ነገር የማይበረክትባት ሴት ነበረች። ከማድ ቤቱ በር ላይ ሆና መንገዱን ታያለች። አባባ መታጠፊያውን ሲያልፉ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ድንጋዩን ከጨርቁ ፈትታ፣ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ልትደርስ ትጣደፋለች። የአባባ አፈጋፈግ ሸር… ሸር ነው፤ የእሷ ሸርሸርሸርሸር ነው። አባባ ያስቀሩትን ጥቁር ሙልጭ አድርጋ ታጠፋዋለች! ከዚያ አጥባ፣ አድርቃ፣ ልክ አባባ እንደጠቀለሉት አድርጋ ጠቅልላ ትመልሰዋለች።

መጀመሪያ ያየሁ ቀን «እማ፣ ለምን?» አልኳት።

ደነገጠች። «ዝም በይ አንቺ! ለአባባሽ ትንፍሽ እንዳትይ። ሰምተሻል?»

ሰምቻለሁ። ሰው ደህና ነገር ሲሠራ ትንፍሽ አትበይ አይልም፤ ያን ያህል አውቅ ነበር።

ዛሬ እናቴን በዚያ ጥቁር ድንጋይ ላይ ጎንበስ ብላ ሳስባት ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። ሲመሽ አንጓዎቿ ያብጡ ነበር። ቅቤ ስትቀባቸው «ምን ሆነሽ ነው?» ሲሏት «ውሃ ቀድቼ» ትላለች። ያኔ ግን ለእኔ ያበጠው አንጓዋ የወንጀሏ ምልክት ነበር።

ድንጋዩን በጣቴ መለካት ጀመርኩ። ጥር ላይ ውፍረቱ ሦስት ጣቴ ነበር። የዐቢይ ጾም ሲገባ ሦስተኛዋ ጣቴ ጫፏ ወጣ። ሌሊት ሌሊት የአባባን ትንፋሽ አዳምጣለሁ፣ እየቀጠነ የሚሄድ ይመስለኛል። ቀን ደግሞ እማን አፍጥጬ አያለሁ። «ይህቺ ልጅ ዓይኗ ምን ሆነ፣ ሰው ልትበላ ነው እንዴ?» ትላለች፤ ትስቅና ቆሎ ትዘግንልኛለች። ቆሎውን እበላለሁ፣ ይቅርታ ግን አላደርግላትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ሕፃንም ጨምሩበት።

በዚያው ጾም ቄስ ወልደ ሰንበት መጡ። ሙጃ አጠገብ ካለች የገጠር ደብር ናቸው። ደብሩ የተአምረ ማርያም መጽሐፍ ሊያስጽፍ አስቦ፣ ሕዝቡ ከየቤቱ ፍየል አውጥቶ፣ ሠላሳ ቆዳ ለአባባ ሰጥቶ ነበር። ቆዳው ለልደታ ለጸሐፊው መድረስ አለበት። ቄሱ ሥራውን ሊያዩ በእግር መጥተው እግራቸውን ታጠቡ፣ የጾም እንጀራ ቀመሱ። ከዚያ አባባ ወደ ሥራቸው ሲመለሱ፣ ማድ ቤቱ በር ላይ ከእማ ጋር ቆሙ። እኔ ከግድግዳው ጥግ ነበርኩ።

«ምን ያህል ቀረ?» አሉ ቄሱ በዝግታ።

«ብዙም የለ አባቴ። እስከ ልደታ ይጠናቀቃል።»

«እሳቸው ያውቃሉ?»

«ምን ብለው ያውቃሉ! እኔ ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ እጨርሰዋለሁ። ብቻ እንዳይሰሙ። ከሰሙ ያን ዕለት እጃቸውን አጣጥፈው ይተኛሉ፤ ከዚያ አይነሡም።»

ቄሱ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «አይ ወለተ ሩፋኤል! እግዜር ይቅር ይበልሽ» አሉና መስቀላቸውን አሳለሟት።

በቃ። ቄሱም ገብተውበታል! እስከ ልደታ ይጠናቀቃል፣ አባባ አጣጥፈው ይተኛሉ፣ አይነሡም። ቄሱ የጠየቁት ስለ ሠላሳው ቆዳ እንደሆነ፣ «ይቅር ይበልሽ» ያሉትም ባሏን በማታለሏ በፈገግታ እንደሆነ ለመረዳት ስንት ዓመት ፈጀብኝ። ያን ቀን የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባባን ከሞት የማድነው እኔ ብቻ ነኝ።

ሰኞ ጠዋት እማ ውሃ ስትወርድ፣ አባባ ከኪዳን ሳይመለሱ፣ ድንጋዩን ከመደቡ ላይ አነሣሁ። ከነጨርቁ አቀፍኩት። ይቀዘቅዛል፣ ከገመትኩት በላይ ይከብዳል። ጓዳ ገብቼ በገብሱ ጎታ ላይ ተንጠላጠልኩና እጄን እስከ ትከሻዬ ከትቼ ቀበርኩት። ገብሱ ክንዴን እየበላኝ ሸሽሽ ብሎ ገጠመ። ጎታውን ሳምኩት። ከዚያ ወጥቼ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ድንጋዬስ?» አሉ አባባ።

ቤቱ ተፈተሸ። መደቡ፣ ሙዳዩ፣ የአልጋው ሥር። «ድንጋይ እግር የለው፣ የት ይሄዳል?» ይላሉ አባባ። እማ ፊቷ ነጣ። እኔን አላየችኝም እንኳ፤ ሕፃን ድንጋይ ይሰርቃል ብሎ ማን ያስባል?

እኩለ ቀን ላይ አባባ ትዕግሥታቸው አለቀ። ደጃፋችን ላይ ማጭዱም መጥረቢያውም የሚሳልበት፣ መሃሉ እንደ ማንኪያ የጎደጎደ ድንጋይ ነበር። «ይኸው ይበቃል፤ አስተካክለዋለሁ» ብለው አነሡት። አሸዋ በተኑ፣ ከሰሉን ሰመሩ፣ ፈገፈጉ፣ ብዙ ፈገፈጉ፤ ላባቸው በግንባራቸው ወረደ። ፊታቸው ድረስ አምጥተው አዩት።

«ጠፋ። ተመስገን።»

እማ እንስራዋን እንዳዘለች ቆማለች። የድንጋዩ መሃል ጥቁር በጥቁር ነው።

«ትንሽ ልጨምርልዎ?» አለች።

«ምኑን?»

«እ… አሸዋውን።»

«ኧረ ተይኝ! ቀኑ ሄደብኝ» አሉና እዚያው መፋቂያቸውን ስለው ተነሡ። እማ እጇን ዘረጋች፣ መልሳ ሰበሰበችው። በዓርቡ ፈንታ ሰኞ ሆነባት፤ አባባ ቤተ ክርስቲያን አይሄዱላት፣ ድንጋዩን ለብቻዋ አታገኘው።

ተወጥሮ የነበረው ከሙጃዎቹ ቆዳዎች ሁሉ አውራው ነበር፣ ሰፊ፣ እንከን የሌለው። አባባ ዳዊታቸውን ጀመሩ። እኔ እንደ ልማዴ ከቆዳው ኋላ፣ በብርሃኑ ውስጥ ቆሜ ጥላቸውን አያለሁ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ከዚያ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማው ድምፅ ተሰማና በወተቱ መሃል የአባባ ፊት ድንገት ብቅ አለ፤ ከነጢማቸው፣ ከነግንባራቸው፣ በቀዳዳው። ዓይናቸው ቀጥታ እኔን ያያል። እኔን ግን አላዩኝም።

ጣታቸው ቀዳዳውን ዳሰሰ።

«ወለተ ሩፋኤል» አሉ በቀጭን ድምፅ። «ስንት ጣት ነው?»

እማ መጥታ አጠገባቸው ቆመች። «አራት… አምስት» አለች።

«ድንጋዩ ተስተካክሎ ነበር እኮ። ጥቁሩ ጠፍቶ ነበር!»

አባባ መወጠሪያው ሥር ተቀመጡ፤ እጃቸውን አጣጥፈው። ልክ እማ ለቄሱ እንዳለችው! ድንጋዩን ከሞት ደብቄው ሞት ራሱ መጣ፤ ምን አጥፍቼ ነው? ሮጬ ጓዳ ገባሁ፣ ጎታው ላይ ተንጠለጠልኩ፣ ገብሱን እየበተንኩ ቆፍሬ አወጣሁት። ይዤላቸው መጣሁና ጭናቸው ላይ አኖርኩት።

«አባባ ይኸውልዎ! አላለቀም! ሁለት ጣት ተኩል አለው!»

«የት አገኘሽው?»

«ደብቄው ነው። እንዳይሞቱብኝ ብዬ ነው። እማ እየጨረሰችብዎ ነው! ዓርብ ዓርብ እርስዎ ሲሄዱ፣ ያስቀሩትን ጥቁር ሁሉ ታጠፋዋለች!»

እማ «ወየው!» ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ያስቀረሁትን?» አሉ አባባ። «እኔ ጥቁር አስቀራለሁ?»

«አዎ። መሃል ላይ። ሁልጊዜ።»

አባባ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፊታቸው አስጠጉት፣ አጋደሉት፣ ተዉት። ነገሩን የነገረቻቸው እማ አይደለችም፣ ሐኪም አይደለም። እኔ ነኝ። ሞራ ዓይናቸውን እየሸፈነው እንደነበረ እኔ አላውቅም፤ እሳቸው ደግሞ የሚያውቁትን ከራሳቸው ደብቀውት ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ ፊታቸውን ወደ እማ ሳያዞሩ።

«ከመስቀል ወዲህ።»

«ስድስት ወር! ስድስት ወር እንደ ሕፃን ስታጫውቺኝ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬዎት ቢሆን» አለች እማ፣ «ይህን መፋቂያ ዳግመኛ ያነሡት ነበር?»

አባባ ተነሡ። መቋሚያቸውን እንኳ አልያዙም። በግቢው ግድግዳ ላይ እጃቸውን እያሳለፉ፣ እየዳበሱ ወጡ። ያን ቀን ነው ግድግዳ ይዘው እንደሚሄዱ ያየሁት፤ ከዚያ በፊትም ይዘው ይሄዱ ነበር ለካ።

እማ አልመታችኝም። አጠገቤ ተቀመጠችና ከፀጉሬ ውስጥ ገብሱን ለቀመችልኝ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አለች ለራሷ፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። እኔም አለቀስኩ። የምናለቅሰው በአንድ ሰው ነበር፣ በተለያየ ምክንያት። ጉም ወርዶ ደጁን ሸፈነው፣ ቀዳዳው ቆዳ መወጠሪያው ላይ ብቻውን እርግብ እርግብ ይላል። አባባ ሞተዋል፣ ሰው እስኪነግረን ነው የምንጠብቀው ብዬ አሰብኩ።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ከጉሙ ውስጥ ጥላቸው መጣ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ገብተው ጥቁሩ ድንጋይ አጠገብ ተቀመጡ። ሰኞ ነው፤ ዓርብ አይደለም።

«ፍቅርአዲስ፣ ከሰል አምጪ» አሉ። «ድንጋዩንም።»

አመጣሁ። መስመሩን እራሳቸው ሰመሩ፣ ትንሽ ተጣመመ።

«እንግዲህ ዓይን ያለሽ አንቺ ነሽ። ጥቁሩ የት ነው?»

«ጠፍቷል፣ አባባ!»

«እንዴ! ገና ሳልጀምር?»

እማ በነጠላዋ ውስጥ ሳቀች፤ እንባዋን ሳትጠርግ ነው የሳቀችው። አባባም ጢማቸው ተነቃነቀ። ከዚያ እጄን ይዘው ደረታቸው ላይ አኖሩት። ልባቸው ድው ድው ይላል።

«ስሚኝ። ድንጋዩ የሚያልቀው ስለሚሠራ ነው። ጎታ ውስጥ ብትቀብሪው ሺህ ዓመት ይኖራል። እኔንም ጎታ ውስጥ ልትከቺኝ ነው?»

«አዎ» አልኩ። የእውነቴን ነበር።

«እምቢ። ገብስ ይበላኛል» አሉ። «በይ እጅሽን ከደረቴ ላይ እንዳታነሺ። ልቤ የቆመ ከመሰለሽ ንገሪኝ፣ እተወዋለሁ።»

በአንድ እጃቸው መፈግፈግ ጀመሩ። ሸር… ሸር። ጥቂት ሲቆዩ ያቆሙና «አለሁ?» ይሉኛል። «አሉ» እላለሁ። «ጥቁሩስ?» ጎንበስ ብዬ አያለሁ። «መሃል ላይ፣ ወደ እማ በኩል።» እሳቸው ወደ እማ በኩል ይጫናሉ። ልባቸው አልቆመም። መጨረሻ ላይ ድንጋዩ ንጹሕ፣ ግራጫ፣ እርጥብ ሆኖ ወጣ፣ እኔም «ጠፋ» አልኩ። በዚያ ቤት ከስድስት ወር ወዲህ «ጠፋ» ተብሎ የእውነት የጠፋው ያን ቀን ነው።

ቀዳዳውን እማ በጅማት ሰፋችው። ቄስ ወልደ ሰንበት አይተው «የእኛ ሰው ሱሪስ መች ሳይጣፍ ይለብሳል?» ብለው ተቀበሉ። ሠላሳው ቆዳ ለልደታ ደረሰ፤ አባባ በእጃቸው ይፍቃሉ፣ እማ መፋቂያውን ታያለች፣ እኔ ጥቁሩን እናገራለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ የዓይን ሐኪሞች ዘመቻ መጥቶ አንዱ ዓይናቸው በራ። በራ ስል በእውነት በራ፤ ከማዶ ገደል ላይ ያሉ ፍየሎች ይቆጥሩ ነበር። ቢሆንም ዓርብ ሲመጣ ዓይናቸውን ጨፍነው «ጥቁሩ የት ነው?» ይሉኛል። እኔም እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸውም «አለሁ?» ይሉኛል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርን።

አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ጉበታቸው ታመመ። ሐኪሞቹ መጨረሻ ላይ «ቤታቸው ይሁኑ» አሉን። ዓርብ ቀን፣ መስቀል በዋለ በሳምንቱ፣ ከአልጋቸው ላይ ሆነው «ሰንበት ሊገባ ነው፤ ድንጋዩን አስተካክይልኝ» አሉኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። ጉበት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ድንጋይ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሁለቱ እንደማይገናኙ አውቃለሁ። ደጅ ወጥቼ አሸዋውን በተንኩ፣ ከሰሉን ሰመርኩ፣ ድንጋዩን ደፋሁት። እጄ እምቢ አለ። ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፣ ውሃው እስኪደርቅ። ከዚያ ገባሁ።

«ጠፋ?» አሉኝ።

«ጠፋ፣ አባባ።»

ጣራውን አዩ።

«አንቺ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ድምፁን አልሰማሁትም እኮ።»

እጄን ፈልገው ያዙኝ። «ተይው። ይደር» አሉ።

እሑድ ጠዋት ዐረፉ።

ድንጋዩ ከነከሰሉ መደቡ ላይ ቀረ። ማንም አልነካውም። የአርባቸው ዋዜማ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢያችን መጣ። በሬ ሊጣል፣ ሽንኩርት ሊከተፍ ነው፤ ሰው ቢላዋውን ይዞ «መሳያ የላችሁም?» ይላል። እማ ድንጋዩን አምጥታ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ አኖረችው።

«በይ ፈግፍጊው። ሰው ቆሟል።»

ተቀመጥኩ። ያዝኩት። እንደገና እጄ አልታዘዝ አለ፤ ቢላዋ የያዘው ሁሉ ያየኛል፣ እኔ ድንጋዩን እንደ ሕፃን አቅፌ ተቀምጫለሁ። እማ ጥቁር ልብሷን ሰብስባ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። አንጓዎቿ ያኔ ተጣምመው ነበር፣ ድንጋይ መያዝ አቁመው ነበር። አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠጋች።

«ልጄ» አለችኝ፣ «አሁንማ ማንን እገድላለሁ ብለሽ ነው?»

ፈገፈግኩት። ሰው አባትሽ መቼ ሞቱ ሲለኝ መስከረም መጨረሻ፣ እሑድ ጠዋት እላለሁ። ለእኔ ግን አባባ አርባ ቀን ሙሉ አልሞቱም ነበር። የሞቱት ያን ዕለት ከሰዓት፣ የመጨረሻዋ ጥቁር መስመር ከእጄ ሥር ስትጠፋ ነው፤ ቀና ስል ጎረቤቱ ቢላዋውን ይዞ ተሰልፎ ነበር፣ እኔም ተነሥቼ ቦታውን ለቀቅሁላቸው።